ሆዷ የበሰበሰ ጀልባ

ሸራውን ሲገልጡት መጀመሪያ የወጣው ሽታው ነው። የሞተ አይጥ፣ የተቃጠለ ዘይትና የረጋ ውሃ አንድ ላይ ተቦክቶ። እኔ ሃያ ስምንት ዓመት የሰው ቢሮና የሰው ሽንት ቤት ያጸዳሁ ሴት ነኝ፤ አፍንጫዬ በቀላሉ አይደነግጥም። ያን ቀን ግን በሻርፔ አፌን ይዤ ወደ አጥሩ ሄድኩና ተፋሁ። ባለቤቴ እጁን የጀልባዋ ጎን ላይ አድርጎ ቆሟል። ፊቱ በርቷል።

«ማሆጋኒ ነው» አለኝ። «ሙሉው ማሆጋኒ ነው።»

«አይጥ ነው» አልኩት። «ሙሉው አይጥ ነው።»

ጀልባዋ ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩት ጀርመናዊት ጎረቤታችን ባል ንብረት የነበረች ናት። ሰውየው ከሞቱ ቆይተዋል። ጀልባዋ ግሪስሃይም በሚባለው ሰፈር፣ ከመጋዘኖቹ ጀርባ፣ ወንዙ ዳር ባለ ግቢ ውስጥ በሸራ ተሸፍና ስትበሰብስ ከረመች። ጎረቤቴ ሰማንያ አምስት ዓመት ሆኗቸው ደረጃው አላወጣ ስላላቸው በመስከረም መጨረሻ ወደ አረጋውያን መጦሪያ፣ ሃይም ወደሚሉት፣ ሊገቡ ተወሰነ። ልጅ የላቸውም። ባለቤቴ ስንት ዓመት የውሃ ሳጥን ደረጃ ለደረጃ ተሸክሞላቸዋል፤ በሚያዝያ አንድ ቀን ጠሩንና የጀልባዋን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«በነጻ ነው» አሉ። «አንድ ነገር ብቻ እፈልጋለሁ። ከመሄዴ በፊት አንድ ጊዜ ማይን ወንዝ ላይ ይዛችሁኝ ውጡ። መሪውን እኔ ልያዝ። ባሌ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አስይዞኝ አያውቅም። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ዳቦ ስቀባ ነው የኖርኩት።»

ባለቤቴ ቁልፉን አነሳ። «ቃላችን ነው» ያልኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ ቃሉ የወጣው ከእኔ አፍ ነው። ከዚህ በኋላ የምናገረውን ሁሉ አንባቢ በዚህ ይመዝነው።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ላይ አልከፋኝም። ባለቤቴ ከአየር ማረፊያው የሻንጣ ሥራ ጡረታ ከወጣ ጀምሮ መስኮት አጠገብ ተቀምጦ ትራም ሲመጣና ሲሄድ ሲያይ ነው የሚውለው። ከዚያ ወንበር ያስነሳው ነገር ሰይጣንም ቢሆን አመሰግነው ነበር።

አብሮት የሚሠራው አንድ ሰው ነው። ኤርትራዊ ናቸው፣ በዕድሜ ይበልጡናል፣ ዕድሜ ልካቸውን ብረት ሲበይዱ ኖረው ጡረታ የወጡ። እኛ ጋሼ ነው የምንላቸው። ጋሼ ሞተሩን አወጡት፣ ጠረጴዛ ላይ ዘረጉት፣ ከዚያ በኋላ ከሞተሩ ሌላ ነገር አላዩም። ባለቤቴ ደግሞ ላዩን ያዘ። በብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል፣ ቫርኒሽ ይቀባል፣ ያደርቃል፣ እንደገና ይፍቃል። ቅዳሜ ቅዳሜ ምሳ ይዤላቸው ስሄድ ወሬያቸውን እሰማለሁ።

«ካፒቴን» ይሉታል ጋሼ፣ «ለመሆኑ ውሃ የት ታውቃለህ?»

«ላንጋኖ።»

«ላንጋኖ! እሱ እኮ የሻይ ቀለም ያለው ኩሬ ነው። እኔን እይ፣ ምፅዋ ነው ያደግኩት።»

«ታዲያ ዋና ይችላሉ?»

«አልችልም። እኛ ዓሣውን እንበላለን እንጂ አብረነው አንገባም።»

ከዚያ ወንበሩ ቀይ ቆዳ ይሁን ነጭ ብለው አንድ ሰዓት ይከራከራሉ። ሳቃቸው ያስቀና ነበር። ሆዷን ግን ማንም አልነካውም። ሽታው ያው እንዳለ ነው። አንድ ቅዳሜ «ውስጡን ማን ሊያጸዳ ነው?» ብዬ ጠየቅኩ። ሁለቱም ቀና ብለው አዩኝ። አስተያየታቸው በቃኝ።

«ገባኝ» አልኩ። «የሚያብረቀርቀው የወንድ፣ የሚሸተው የሴት።» ሳህኔን ሰብስቤ ሄድኩ።

ሳምንት አልሄድኩም። ግን እኔ ቆሻሻ እያወቅኩት ተኝቼ ማደር አልችልም፤ ይሄ የሥራዬ በሽታ ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጓንት፣ ማስክ፣ ባልዲና የራሴን መፋቂያ ይዤ ገባሁ። ከውስጡ ያወጣሁትን ብዘረዝር ምግብ ላይ ያለ ሰው ይቀየመኛል፤ ትንሹን ብቻ ልናገር። አይጦቹ የመቀመጫውን ስፖንጅ አውጥተው ጎጆ ሠርተውበታል፤ ጎጆው ውስጥ አጥንታቸው እንደ ክብሪት እንጨት ተደርድሯል። ከሥር እንደ ጉበት የረጋ ጥቁር ነገር አለ፤ በእጄ ሳነሳው አንድ ላይ ተነስቶ መጣ። ክዳኑ የዛገ የዳቦ ሳጥን አገኘሁ፤ ከፈትኩትና ወዲያው ዘጋሁት። ስድስት ባልዲ አወጣሁ። ባለቤቴ ከላይ ሆኖ «ቀስ በይ፣ ቫርኒሹ ላይ እንዳታፈሺ» ይለኛል።

ስድስተኛው ባልዲ ላይ ነው ልቤ የተያዘው። አንዱን ጥግ አጥቤ በጨርቅ ሳደርቀው ከጥቁሩ ሥር እንጨቱ ወጣ። ቀይ ነው፤ ጥቁር ማር የመሰለ ቀይ። ጅማቱ ከወዲያ ወዲህ ይሄዳል። በጨርቁ ደግሜ አሻሸሁት። ሠላሳ ዓመት ሊሞላ ምን ቀረው፣ የሰው ወለል ሳሻሽ ኖሬ የሚያምር ነገር ከእጄ ሥር ሲወጣ አይቼ አላውቅም፤ ቢሮ ሲጸዳ ያው ቢሮ ነው።

ማክሰኞ ቀን ማንም ሳይነግረኝ ተመልሼ ሄድኩ። ሐሙስም። ማክሰኞና ሐሙስ የልጅ ልጄን ከትምህርት ቤት የማመጣው እኔ ነኝ፤ ለልጄ ደውዬ «የሐኪም ቴርሚን፣ ቀጠሮ አለኝ» አልኳት። ዋሸሁ። በዚህ ዕድሜዬ አንዲት ግማሽ ክንድ እንጨት ለመፋቅ ልጄን ዋሸኋት። ማታ ቤታቸው ስሄድ የልጅ ልጄ አፍንጫዋን ይዛ «ኦማ፣ ዱ ሽቲንክስት» አለችኝ፤ አያቴ፣ ትሸቻለሽ ማለቷ ነው። ስትሰድበኝ ሁልጊዜ በጀርመንኛ ነው።

በሁለተኛው ሐሙስ ጥጉ ላይ የቀረውን ዝቃጭ በካቻቢቴ ስጭር ካቻቢቴው ገባ። አልገፋሁትም፤ ዝም ብሎ እስከ እጀታው ገባ። የገባው ከታች ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄደው፣ እንደ አከርካሪ ሁሉንም የሚይዘው ወፍራም እንጨት ውስጥ ነው። ሳወጣው ቡናማ ዱቄትና ነጫጭ ትል ይዞ ወጣ። ሌላ ቦታ ወጋሁ፤ ያው። የቤት ምሰሶ እንዲህ ሲሆን ቤተሰቡን አስወጥተው ቤቱን እንደሚያፈርሱት ከልጅነቴ አውቃለሁ። ታዲያ ምን አደረግኩ? ቀዳዳው ላይ ጨርቅ ጣል አድርጌ ሌላውን ጥግ ማሻሸት ቀጠልኩ። ሁለት ሳምንት። ጎረቤቴ ደረጃ ላይ ሲያገኙኝ «እንዴት ነው ጀልባችን?» ይሉኛል። «እያማረች ነው» እላቸዋለሁ። ውሸት አልነበረም፤ ለዚህ ነው ይበልጥ የሚያስጠላኝ።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል አልቻልኩም። ቅዳሜ ባለቤቴን ጠራሁትና ታች እንጨቱ ማለቁን ነገርኩት። ይደነግጣል፣ ይቀመጣል፣ ውሃ አምጪልኝ ይላል ብዬ ነበር።

«የቱ ጋ?» አለኝ።

የቱ ጋ! ያኔ ገባኝ፤ ያውቅ ነበር። ወደ ፊተኛው ጫፍ ሄጄ እሱ ያነጠፈውን ምንጣፍ ገለጥኩት። አዲስ ጣውላ በብሎን ታስሮ ከላዩ ቀለም ተቀብቷል። ሳፋጥጠው ሁሉንም አወጣው፤ ገና በሚያዝያ የጀልባ አናጢ አምጥቶ አሳይቷል ለካ። አናጢው አከርካሪው በሙሉ መቀየር አለበት፣ ሁለት ክረምት ይፈጃል፣ በዚህ ዓመት ውሃ አትነካም ብሎታል። ባለቤቴም አመስግኖ ሸኝቶት ወደ ቫርኒሹ ተመልሷል።

«ስጨርስ ልነግራቸው ነበር» አለ።

«ይሄ ቫርኒሽ ስንተኛው ነው?»

«ሰባተኛው።»

«ሴትየዋ በአንድ ወር ውስጥ ይሄዳሉ!»

«እሳቸው እኮ አርጅተዋል» አለ ብሩሹን እያጸዳ። «ይረሱታል።»

ከአይጡም፣ ከትሉም፣ ከዳቦ ሳጥኑም የበለጠ የቀፈፈኝ ይሄ ነው። አርባ ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ። እኔም ስረሳ ምን ሊያደርገኝ እንደሚችል አየሁ።

ወደ ጋሼ ዞርኩ። በዚህ ከተማ ስንት ባልና ሚስት ያስታረቁ ሽማግሌ ናቸው። «ጋሼ፣ ዳኝነት እፈልጋለሁ» አልኳቸው።

«እንዴ እትዬ፣ እኔ እኮ የሞተሩ ነኝ።»

«ሞተሩን ምን ላይ ሊያስቀምጡት ነው? አየር ላይ?»

መነጽራቸውን አድርገው ገቡ። እንጨቱን በካቻቢቴው ራሳቸው ሲወጉት ድምፅ አላሰማም። ወጥተው እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው፣ የተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ባለቤቴንም እኔንም በየተራ አስወሩን። እኔም የሁለት ሳምንቱን አልደበቅኩም።

«ተበዳይዋ ጎረቤታችሁ ናቸው» አሉ በመጨረሻ። «እንደ ወጉ ድንጋይ ተሸክመህ ይቅርታ ትጠይቃቸዋለህ። ካሳው ደግሞ ጀልባዋ ሴትየዋ ሳይሄዱ ውሃ ትገባለች።»

«ትሰጥማለች እኮ!»

«የግቢው ክሬን ቀበቶውን ሳይፈታ ይያዛት። ውሃ ይገባባታል እንጂ አትሰጥምም።»

«ጋሼ፣ ቫርኒሹ!»

«ቫርኒሽ ለውሃ አይደል እንዴ የተሠራው?» አሉት።

በማግስቱ ጎረቤቴን ሮላቶራቸውን፣ መቀመጫ ያለውን ባለ ጎማ መደገፊያቸውን፣ እያስገፋሁ ቀስ ብዬ አመጣኋቸው። ግቢው ሁሉ ሲሚንቶ ነው፤ ለወጉ የሚሆን ድንጋይ ጠፋ። ባለቤቴ የጀልባዋን መልህቅ ማጅራቱ ላይ አድርጎ ፊታቸው አጎነበሰ። ከዚህ በፊት የሰው ሽምግልና ላይ ተቀምጦ እንጂ ተሸክሞ አያውቅም፤ ጆሮው ቀልቷል። ጋሼ ለእኔ ምንም አልፈረዱብኝም ነበር። «ለሁለት ሳምንት ድንጋይ የለም» ብለው አሾፉብኝ። እኔ ደግሞ በምሕረት መታለፍ አልወድም፤ የመፍቻውን ሳጥን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ከጎኑ አጎነበስኩ።

ጎረቤቴ ግራ ገባቸው። «መልህቁን ሊሸጠው ነው?» አሉኝ።

ካጎነበስኩበት ሁሉንም ነገርኳቸው። የእንጨቱን፣ የጣውላውን፣ የአናጢውን፣ የጨርቁን። ይቅር ካሉ ሸክሙን ከላያችን ማንሳት እንዳለባቸውም ነገርኳቸው። ሮላቶራቸው ላይ ተቀመጡ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ያለቀሱ መስሎኝ ነበር፤ እየሳቁ ነው።

«ባሌም ላዩን ብቻ ነበር የሚቀባው» አሉ። «ሆዷ የበሰበሰው እሱ በሕይወት እያለ ነው።»

ባለቤቴ ከመልህቁ ሥር «ያውቁ ነበር?» አለ።

«አስተካክላለሁ ስትለኝ አመንኩህ። እሱንም አምኜው ነበር።»

እኔ ግን አላሳቀኝም። እዚያው እንዳጎነበስኩ «ታዲያ እርስዎስ ለምን አልነገሩን?» አልኳቸው። ጋሼ በዓይናቸው ተቆጡኝ፤ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ጥያቄ አይጠይቅም። ይጠይቃል! በደል ከሆነ የሁሉም ይቆጠር።

ሳቃቸውን አቆሙ። «ብነግራችሁ ማን ወንዙ ላይ ያወጣኝ ነበር?» አሉ።

ሳጥኔን አነሱልኝ። መልህቁን ግን አልቻሉትም፤ ጋሼ በአንድ ወገን ይዘው አገዟቸው። ባለቤቴ ቀና ሲል ወገቡን ይዞ አቃሰተ። አላዘንኩለትም።

በመስከረም መጨረሻ፣ ሃይም ሊገቡ ሦስት ቀን ሲቀራቸው፣ ክሬኑ ጀልባዋን በሰፋፊ ቀበቶዎች አንግቶ ወንዙ ላይ አወረዳት። የክሬኑ ሰውዬ «አሥር ደቂቃ፣ ከዚያ በላይ አልጠብቅም» ብሏል። ጎረቤቴ የሕይወት ጃኬት ለብሰው ከፊት ተቀመጡ፤ እኔ ከኋላ ባልዲ ይዤ። ባለቤቴ ዳር ላይ ቆሞ የሚያየው የእሳቸውን ፊት ሳይሆን ውሃው ቫርኒሹ ላይ የት እንደ ደረሰ ነው።

ውሃው መጀመሪያ እንደ ክር ገባ። ቀጥሎ በጣውላዎቹ መሃል ሁሉ። ያጸዳሁት ሆድ ውስጥ፣ ከየስንጥቁ፣ ያ የቆየ ጥቁር ዘይት እንደገና ተንሳፈፈ፤ ያ ሽታ እንደገና አፌ ውስጥ ገባ። ጫማዬን ሞላው። እየተሳደብኩ እቀዳለሁ፣ እደፋለሁ።

እሳቸው መሪውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ሞተር የለም፤ የትም አንሄድም። በዚያ መሃል ጠጠር የጫነ ረጅም መርከብ በወንዙ አለፈ፤ ማዕበሉ መጣና ጀልባዋ ቀበቶዎቿ ላይ ተነስታ ወረደች። ጎረቤቴ መሪውን ወደ ግራ ጠመዘዙ፤ ሲያልፍ ወደ ቀኝ መለሱ። ሌላ ማዕበል መጣ፤ እንደገና ጠመዘዙ። ቁርጭምጭሚታቸው ውሃ ውስጥ ነው፤ ወደ ታች አላዩም።

የክሬኑ ሰውዬ ሰዓቱን እያሳየ ጮኸ። ጎረቤቴ ሳይዞሩ «ገና ነኝ በዪው» አሉኝ።

«ገና ናቸው!» ብዬ ጮህኩበት፤ በአማርኛ ነበር የወጣኝ። ከዚያ በጀርመንኛ ደገምኩለትና ባልዲውን ሞልቼ ደፋሁት።