ሌቭል የሌለው ጨዋታ

የመጨረሻው እሑድ ከሰዓት፣ ደባርቅ ቤታችን ውስጥ አራት ሆነን እንጫወት ነበር። ታላቅ ወንድሜ፣ እኔና ሁለት የክፍሌ ልጆች። ወንድሜ ተራራው ላይ ሳንቃ በር ለሚሰፍሩ ቱሪስቶች ምግብ የሚሠራ ሰው ረዳት ነበር። የጨዋታውን መጽሐፍና ዳይሶቹን፣ የሚጣሉትን ባለቁጥር ጠጠሮች፣ አንድ ፈረንጅ ትቶለት ሄዷል።

ጨዋታው ቀላል ነው። እሱ ታሪክ ይናገራል። ታሪኩ ውስጥ ያሉት ሰዎች እኛ ነን፤ የምናደርገውን እንናገራለን፣ ዳይሱ ይፈርዳል። ጭራቅ የገደለ ሰው ሌቭሉ ይጨምራል፣ ጉልበቱም አብሮ ያድጋል ይላል መጽሐፉ። ወንድሜ ያንን ገጽ ዘለለው።

«ጅብ የገደለ ሰው ሁለት ሰው አይሆንም። የሚጨምረው የሚያውቀው ነው። የትኛው ውኃ እንደሚጠጣ፣ ማን እንደሚያስጠጋው» አለ።

ሁለት ዓመት ተጫወትን። እኔ የምጫወተው ሰይፈኛ ሁለት ዓመት ሙሉ ያው ነው። አንድ ተኩላ ሊገድለው ይበቃል። ከልጆቹ አንዱ ከፕሌይስቴሽን ቤት የማይጠፋ ነው፤ ከቁጥር ሌላ ጭንቅላቱ ውስጥ ምንም የለም። ሌላው እሱ ያለውን ይደግማል። የሚመጡት ቤታችን ለሚቀርበው ቆሎ ይመስለኛል።

«አያ፣ ዛሬም ሌቭል የለም?» አልኩት።

«የበሩ ዘበኛ የሰይፈኛህን ስም አወቀ። አይበቃህም?»

«ስም ይበላል እንዴ!» አለ የፕሌይስቴሽኑ ልጅ። ሳቁ። ሲስቁ እኔም ደፈርኩ።

«ጨዋታህ እንዳንተ ነው። አሥረኛ ክፍል ላይ ቆሞ የቀረ።»

ልጆቹ ወደ ቆሎው አጎነበሱ። ወንድሜ ግን ሳቀ። «እሺ ምሁሩ፣ ዳይስህን ጣል» አለኝ።

ሰኞ ጠዋት ከተራራው በታች በኩል የሚወጡ ቱሪስቶችን ሊቀበል ሊማሊሞን ሲወርድ የተሳፈረበት አይሱዙ ተገለበጠ። በዚያው ቀን አሥር ሰዓት ላይ ቀበርነው።

ማክሰኞ ጠዋት ድንኳኑ ሞላ። «ገና ሊያልፍለት ሲል!» ይላሉ። «አስጎብኚ ሊሆን ነበር እኮ!» አንድ ሰው እንኳ እንዲህ ብሎት አያውቅም። ሊሆንም አልነበረም። ድስት ያጥብ ነበር፤ ጥሩ አድርጎ ያጥብ ነበር። ሰው ከሞተ በኋላ ሌቭል ይጨምሩለታል። ናቅኋቸው። ግን እነሱ የዋሹት ከሞተ በኋላ ነው፤ እኔ እሑድ ፊት ለፊት ነው የሰደብኩት። ከሁሉም የባስኩ እኔ ነኝ።

የፕሌይስቴሽኑ ልጅ ጆሮዬ ሥር ተጠጋ። «አይዞህ። ከእንግዲህ ጨዋታውን እኔ እመራለሁ። ሁላችንንም ሌቭል አሥር አደርጋችኋለሁ።»

ልመታው ነበር። ከዚያ አንድ ነገር ገባኝ። ወንድሜ ከታሪኩ ምንም አልጻፈም። ሁሉንም በጭንቅላቱ ነበር የያዘው። የቀረው እኛ የሰማነው ብቻ ነው፤ ግማሹ ደግሞ እነዚህ ሁለት ደደቦች ጋ ነው።

ደብተር ይዤ ሁለቱንም ከድንኳኑ ጀርባ ወሰድኳቸው። «የምታስታውሱትን ንገሩኝ። ከመጀመሪያው።»

«ዘንዶውን ስንገድለው...» አለ የፕሌይስቴሽኑ ልጅ።

«ከዚያ በፊት። ድልድዩ ሥር ያስጠጋችን ሴት ምን አለችን?»

«እሷን አልገደልናትም እንዴ?»

«አልገደልናትም» አልኩትና ከእሷ ጀምሬ ጻፍኩ።