ያ ኖራ የእኔ ነው

ቆይ፣ አስጨርሱኝ እንጂ። ብርድ ልብስ አዟሪ ደግሞ መቼ ነው ቤተ ክርስቲያን የለሰነው ትላላችሁ። አራተኛ ክፍልን ሳልጨርስ ትምህርት ትቼ ምን ስሠራ የኖርኩ መሰላችሁ? አጎቴ ጋ ልስን ስማር ነው። እኔ የለሰንኩት ግድግዳ ላይ ዝንብ ብታርፍ ትንሸራተታለች።

በኮሮናው ሎክዳውን ጊዜ ነው። ከከተማ ውጭ ያሉትን የጥቁሮቹን ሰፈሮች፣ ሎኬሽኑን፣ እየዞሩ መሸጥ ቀረ፣ መሀል ከተማ ሰፈራችን ዱርንፎንቴን ቁጭ አልን። እኔ ከምኖርበት ሕንፃ ጀርባ አንድ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አለ። አለ ስል፣ እንግሊዞች አገሩን ሲገዙ የተሠራ ነው፣ አሁን ጣራ የለውም፣ ግድግዳውም ግማሽ ነው። መንግሥት ግን ቅርስ ነው ብሎ አጥሮታል፣ ዘበኛም አለው። ዘበኛው ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ወር የቀራቸው የዙሉ ሽማግሌ ናቸው። ባባ ነው የምላቸው። በአጥሩ በኩል እናወራለን። እኔ ከቋንቋቸው ሰላምታና ስድብ ብቻ ነው የማውቀው፣ የቀረውን በተሰባበረ እንግሊዝኛ እንሞላዋለን፣ ይበቃን ነበር።

አንድ ቀን ሚስታቸው በዚያ በሽታ ተያዙ ተባለ። ፈቃድ ቢጠይቁ እንደማይሰጣቸው ስለሚያውቁ ቁልፉን በድብቅ ለእኔ ሰጥተው ሄዱ። ሰው እንዳይገባ ብቻ ጠብቅ አሉኝ።

እስቲ ፍረዱኝ። እኛ አገር ቤተ ክርስቲያን ሲሰነጠቅ ማን ቆሞ ያያል? ድንጋይ የሚችል ድንጋይ፣ ውሃ የሚችል ውሃ ይዞ ይወጣል። ፍርስራሽ እንደፈረሰ ዘበኛ ተቀጥሮለት የሚጠበቅ መሆኑን ማን ነገረኝ? የሚሠራላቸው ሰው አጥተው ነው ብዬ አዘንኩላቸው። ካቶሊክ መሆኑ ትንሽ ከንክኖኝ ነበር፣ መስቀሉን ሳይ ግን ተውኩት። ግቢያችን ውስጥ ከድሮ ግንባታ የተረፈ ኖራ ነበር። ጫማዬን አውልቄ ሁለት ቀን ሠራሁ። ፊት ለፊቱን ነጭ አደረግኩት፣ ከመንበሩ ጀርባ ድንጋይ ሊወድቅበት የነበረውን ስንጥቅም ደፈንኩ። ኖራው እግሬን በላኝ።

በሦስተኛው ቀን ባባ ሚስታቸው ተሽሏቸው ደስ ብሏቸው መጡ። ግድግዳውን ሲያዩ አጥሩን ይዘው ቁጭ አሉ። ደስታው የበዛባቸው መስሎኝ ነበር። ቅርስ ላይ እጅ ማሳረፍ ወንጀል ነው፣ ቁልፍ ለሰው መስጠት ደግሞ ያስባርራል፣ ጡረታዬ አለቀ አሉኝ። ከቅርስ መሥሪያ ቤት የምትላከው ተቆጣጣሪም የምትመጣው ያን ቀን ከሰዓት ነበር። እኔ በሕይወቴ ቀልድ ያጣሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሴትዮዋ ሁለት ማስክ ደርባ መጣች። ቀድሜ ወጣሁና አጥር ዘልዬ የገባሁ እኔ ነኝ፣ ሽማግሌው አያውቁም አልኳት። ባባ ደግሞ ቁልፉን የሰጠሁት እኔ ነኝ አሏት። ሁለታችንንም አልሰማችንም። ግድግዳውን በጥፍሯ ፈቀፈቀች።

"ሲሚንቶ አለው?"

"ኖራ ብቻ ነው።"

ትንፋሿን ስትለቅ በሁለቱ ማስክ ውስጥ ተሰማኝ። ሲሚንቶ ቢሆን ኖሮ ድንጋዩን ያበላሸው ነበር፣ ኖራ ግን ሳይከርም በውሃና በብሩሽ ይለቃል አለች። አውቄ ነው የመረጥኩት አልኳት። ለእናንተ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሲሚንቶ የሚሸጥ ሱቅ ሁሉ ተዘግቶ ነው።

ከዚያ እግሬን አየችና ጫማህ የታለ አለችኝ።

"ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እኮ ነኝ፣ ማማ።"

ቀና ብላ ጣራ የሚሆነውን ሰማይ አየች፣ ቀጥሎ ባባን አየቻቸው። የያዘችውን ፎርም አጥፋ ቦርሳዋ ከተተች።

"ዛሬ አልመጣሁም። የምመጣው ዓርብ ነው።"

እስከዚያ አጽዱት ማለቷ መሆኑ ለባባ ገባቸው፣ ብሩሽና ባልዲ ይዘው መጡ። እስከ ዓርብ ስንፈገፍግ ሰነበትን። እሳቸው እየሠሩ በዙሉ ይሰድቡኛል፣ እኔም የማውቀው ስድቡን ስለሆነ አንድም ቃል አላመለጠኝም። እየተሰደብኩ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ዓርብ መጣች፣ ዞራ አየች፣ ምንም አልጻፈችም። ከመንበሩ ጀርባ የደፈንኳትን ስንጥቅ ስታይ ግን ይቺ ትቆይ፣ ድንጋዩን ይዛዋለች አለች። ባባም በወሩ ደመወዛቸውን፣ በጊዜው ጡረታቸውን በሰላም ወሰዱ።

አሁንም ዋሽቷል በሉ። ባባን ጠይቁ፣ ሴትዮዋን ጠይቁ፣ ከሕንፃችን በመስኮት ሲስቅብኝ የነበረውን ሁሉ ጠይቁ። ሄዳችሁም የደፈንኳትን ስንጥቅ እዩዋት፣ መዳፍ የምታክል ነጭ ናት። እንዳትነኳት ብቻ፣ ቅርስ ናት፣ ያሳስራል።