ስንተኛው አምባ ነው?

ልጅ ሳለሁ አምባ የሚባል ነገር ሁሉ ቁጥር ያለው ይመስለኝ ነበር። እኛ የምንኖረው አምባ አሥራ አራት ነው፤ ከቀርከሃው ጫካ ባሻገር አምባ አሥራ ሦስት አለ። ወላጆቻችን በመጡበት በወሎ አምባ ማለት ዙሪያው ገደል፣ አናቱ ሜዳ የሆነ ተራራ መሆኑን ያወቅሁት ቆይቶ ነው። አሶሳ የሰፈርንበት አምባ ግን ተራራ ቀርቶ ጉብታ አልነበረውም። የሣር ጎጆዎቹ በገመድ እየተለኩ በመደዳ ስለተሠሩ ሁሉም አንድ መልክ ነበራቸው፤ መሸት ካለ አዋቂም ቢሆን የሰው ቤት ገብቶ ይቀመጥ ነበር። ጎረቤታችን አባ ተገኝ አንዴ እኛ ቤት ገብተው፣ «ምነው እራቱ ዘገየ?» ብለው እናቴን ተቆጥተዋታል።

እናቴ ሐዋ በዚህ ስትስቅ አይቻታለሁ። ከዚያ ውጭ ብዙም አትስቅም ነበር። ታላቅ እህቴ ከድጃ ውሃ ልትቀዳ ወንዝ እንደወረደች ነው እኛን ለሰፈራ መኪና ላይ የጫኑን። እናቴ እየጮኸች ብትለምንም የሰማት አልነበረም። ከመኪናው ወደ አውሮፕላን፣ ከአውሮፕላኑ ወደዚህ አምባ መጣን፤ ከድጃ እንስራዋን ይዛ እዚያው ቀረች።

ያኔ፣ ፀሐይ እንደጠለቀች፣ ሰው ከማኅበር እርሻው ተመልሶ እግሩን ከታጠበ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርቱ ዳስ ውስጥ እሳት ይነድ ነበር። የቀርከሃው አንጓ በፈነዳ ቁጥር እኛ ልጆች እንደነግጣለን፤ ፍሙም እግራችን ሥር ድረስ ይረጫል። የእናቴ የልብ ወዳጅ እትዬ ዘነበች ኩራዙን ጭናቸው አጠገብ አስጠግተው መጽሐፍ ያነቡልን ነበር። ደሴ ሆቴል ሲሠሩ ማንበብ የለመዱ ሴት ናቸው። መጽሐፉ ከፈረንጅ ቋንቋ የተመለሰ፣ ሽፋኑ የተላጠ ልብ ወለድ ነበር። ሳይጠየቁ በአውሮፕላን ስለተወሰዱና ከተራሮች ጀርባ ወደተሰወረ አምባ ስለገቡ ሰዎች ያወራል። እዚያ ረሃብ የለም፣ ጠብ የለም፣ ሁሉም ጥጋብ ነው።

«የተሰወረው አምባ» የሚለው ላይ ሲደርሱ አባ ተገኝ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «ስንተኛው አምባ ነው?» አሉ።

ማንም አልሳቀም። እትዬ ዘነበችም ገጹን ዝቅ ብለው ፈለጉና፣ «ቁጥሩን አልጻፈውም» ብለው መለሱ። እኔ ግን ከቀርከሃው ባሻገር፣ ከአሥራ ሦስትም ወዲያ፣ ቁጥር ያልተሰጠው አንድ አምባ እንዳለ ከዚያ ማታ ጀምሮ አመንኩ። ነፋስ ቀርከሃውን ሲያፋጭ የዚያ አምባ ሰዎች የሚንሾካሾኩ ይመስለኝ ነበር።

ንባቡ ሲቆም ሁሉም አስተያየቱን ይሰጣል። አባ ተገኝ፣ «ይሄማ ብሔረ ብፁዓን ነው፤ ስውራን ናቸው። እንኳን በአውሮፕላን በጸሎትም አይገባ!» ብለው ፈረንጁን ወቀሱት። ማንጎ ሊሸጥ መጥቶ እሳት ዳር የሚቀመጠው የአገሬው የበርታ ሰው አቡ ራምዳን ደግሞ፣ «ወላሂ፣ ጀበል ባዶ የለም» አለ፤ ተራራ ማለቱ ነው። «እነሱ ሳይመጣ፣ እዛ ማን ነበር?»

ሰው ሁሉ እሳቱን ማየት ጀመረ። ጎጆአችን የቆመው የአቡ ራምዳን አባት ማሽላ በነበረበት መሬት ላይ ነዋ።

እናቴ ከእትዬ ዘነበች ጎን፣ ትከሻ ለትከሻ ነበር የምትቀመጠው። ስንት ማታ ስትሰማ ቆይታ አንድ ቀን፣ «ዘነቡ፣ እኒያ የተወሰዱት ሰዎች ከኋላ የቀረ ልጅ የላቸውም?» ብላ ጠየቀች። እትዬ ዘነበች ወደፊትም ወደኋላም ገለጡ። «አልተጻፈም፣ ሐዋዬ» አሉ ቀስ ብለው።

በዚያ ዘመን አምባችን ውስጥ ጠፍቶ የሄደ ሰው ስሙ አይጠራም ነበር። ስሙን የጠራ ወዴት እንደሄደም ያውቃል ተብሎ ይያዛላ። ስለዚህ «ቤቱ አልጨሰም» ነበር የሚባለው። ጠዋት ሴቶቹ ብቅ ብለው በየጎጆው ክዳን የሚወጣውን ጭስ ያያሉ፤ አንዱ ጎጆ ካልጨሰ ሰዎቹ በኩርሙክ በኩል ወደ ሱዳን ወጥተዋል፣ ዞረው ወሎ ሊገቡ። አንዳንዱ ሳይደርስ መንገድ ላይ እንደሚቀር ሁሉም ያውቅ ነበር። ያልጨሰው ቤት በር ክፍት እንደሆነ ይቆያል፤ እኛም በዚያ በኩል ስናልፍ እንሮጣለን።

እናቴ በሶ መፍጨት ስትጀምር እኔ ምንም አልገባኝም። እትዬ ዘነበች ግን የመንገድ ስንቅ መሆኑን አውቀዋል። በዚያው ሰሞን አንድ ማታ ሲያነቡ ቆዩና ድንገት ድምፃቸው ተለወጠ። «ከዚያ አምባ የወጣ ሰው ግን» አሉ፣ «ገና ድንበሩን ሲሻገር ያረጃል። ጠጉሩ ይነጣል፤ የወለደው ልጅ እንኳን አያውቀውም።» ቀርከሃው ፈነዳ። ገጹን ሳይገልጡ እናቴን አዩዋት፣ እናቴም ገጹን አየችው።

በሳምንቱ እትዬ ዘነበች ቤት ተኝቼ ነቃሁ። ወጥቼ መደዳውን ሳይ ጭስ የሌለው ጎጆ የኛ ነበር።

አላለቀስኩም፣ ፈርቼ ነበር። እናቴ ትሞታለች ብዬ አይደለም የፈራሁት፤ ድንበሩን ስትሻገር ታረጃለች ብዬ ነው። ሌሊት ሌሊት ጠጉሯ ሲነጣ ይታየኛል። እትዬ ዘነበችን፣ «መጽሐፉ እውነት ነው?» ስላቸው ያቅፉኛል።

ክረምቱ ተጋምሶ ሳለ፣ አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ከአንድ ማንጎ ዛፍ ሥር ተጫውቼ ስመለስ ቤታችን ሲጨስ አየሁ። ሮጥኩ። በሩ ላይ ስደርስ ግን ቆምኩ። ምድጃው ዳር አንዲት አሮጊት ተቀምጣለች፤ ጉንጯ ገብቷል፣ ከሻሿ ሥር የወጣው ጠጉር አመድ ነው። ቀና ብላ፣ «ነይ የኔ ዓለም፣ ምነው ቆምሽ?» አለችኝ። ድምፁ የእናቴ ነበር።

ጮኼ ሸሸሁ። ድንበሩ ላይ ወባ እንደጣላት፣ አብረዋት ከወጡት አንዳንዶቹን እዚያው ቀብራ እንደተመለሰች፣ ወሎንም ከድጃንም እንዳላየች የሰማሁት በኋላ ነው። ያኔ እኔ የማውቀው የመጽሐፉን ቃል ብቻ ነበር። ክረምቱ እስኪወጣ ከእጇ ጉርሻ አልተቀበልኩም። እሷም አልተቆጣችኝም፤ ጉርሻውን ገበታው ጠርዝ ላይ አስቀምጣ ፊቷን ታዞርልኝ ነበር።

መንግሥት ተለውጦ መንገዱ ከተከፈተ በኋላ ነው። እናቴና እትዬ ዘነበች በራችን ላይ በቆሎ ይፈለፍላሉ። ሕፃን ያዘለች ሴት በመደዳው መጣችና ግራ ገብቷት ቆመች፤ ያው ቤቶቹ ሁሉ አንድ ናቸው። ወደ እናቴ ጎንበስ ብላ፣ «እማማ፣ የሐዋን ቤት ያሳዩኛል? እናቴ ናት» አለች።

በቆሎው ከእናቴ እጅ ወደቀ። መጀመሪያ ያየችው ከድጃን አልነበረም። ወደ ወዳጇ ዞራ፣ «ዘነቡ» አለች፣ «ያ ከገጹ ላይ ያልነበረው ቃል ደረሰ።»

እትዬ ዘነበች በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። እኔም ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እናቴ በዚያው ዳስ ፊደል ቆጥራ ነበር፤ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጣ ገጹን ታነበው ነበር። ያ ቃል እንዳልተጻፈ፣ እንዳትሄድ ለሷ ብቻ እንደተባለም እያወቀች ነው የወጣችው።

መጽሐፉ ዛሬ እኔ ዘንድ ነው። የተዋሱኝ ሰዎች ሲመልሱት፣ «እንዲህ ያለ ቦታ በኖረ!» ይሉኛል፤ ተራራውን፣ ሰላሙን፣ ጥጋቡን ያወድሳሉ። አልከራከራቸውም። ሲሄዱ ግን ኩራዙ ዳር እንዳለሁ ሁሉ ወደፊትም ወደኋላም እገልጣለሁ፤ ከኋላ ልጅ የቀረባት አንዲት እናት እፈልጋለሁ። አልተጻፈችም።