ጋሽ ዘውዴ ጀርባቸውን ለማዕበል ሲሰጡ

አሰብ ገና የኛ ወደብ ሳለች ነው፤ ጥር ነበር። እናንተ ልጆች እዚህ ቦሌ በብርድ ስትንዘፈዘፉ፣ አሰብ ላይ ሙቀቱ ይቻላል፤ የማይቻለው ነፋሱ ነው። ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ ሻርክ እየተያዘ በሚጠናበት ሥራ ላይ ተመድቤ፣ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አውጥቼ ሄድኩ። አዳኙ የሰፈራችን ሰው ጋሽ ዘውዴ ነበሩ። ጎሽ ሲያድኑ ኖረው ወደ ባሕር የዞሩ፣ ዋና ግን የማያውቁ። «ጎሽ ሲያባርረኝ የወጣሁት ዛፍ ላይ እንጂ ውኃ ውስጥ አይደለም» ይሉ ነበር።

አንድ ቀን ወፎች አንድ ቦታ ሲዞሩ አይተን ተጠጋን። በመንጠቆ የያዝነው ሻርክ ከጀልባችን ይረዝማል። ሲጎትተን ሲጎትተን ከውኃ በታች ካለ ድንጋይ ጋር አላተመን፤ የጀልባዋ ወለል ተሰነጠቀ። ገመዱን ቆርጠን፣ ከኋላ ታስራ ወደምትከተለን ትንሽ የጎማ ነፍስ አድን ጀልባ ዘለልን። ሻርኩ ግን አልሄደም። ክንፉ አጠገባችን ብቅ ይላል።

ዳርቻው ቅርብ ነው፤ ማዕበሉ ግን እየተቆለለ አሸዋው ላይ ይፈርሳል። በጎን ካገኘን ይገለብጠናል። ባልዲ በገመድ አስረን በጀልባዋ አፍንጫ፣ በፊቷ በኩል ጣልን፤ ባልዲው ውኃ ይዞ አፍንጫዋን ወደ ባሕር አዞረው። ወደ ዳርቻው የምንገባው በኋላዋ ነው። ጋሽ ዘውዴ ፊታቸውን ወደ እኔ አድርገው መቅዘፊያውን ያዙ። ማዕበሉ ከጀርባቸው ይመጣል፤ የማየው እኔ ብቻ ነኝ። ትልቁ ሲመጣ እኔ እናገራለሁ፣ እሳቸው ወደ እሱ ይቀዝፋሉ፤ ሲያልፍ ወደ ኋላ እንገፋለን።

«ጋሼ… ይቅርታ፣ አንድ የመጣ ይመስለኛል…»

ሳልጨርስ ውኃው በአናታችን አለፈ። ጀልባዋ ተንጋላ፣ ለጥቂት ሳትገለበጥ ተመለሰች።

«አንቺ ልጅ!» አሉ ጨዋማውን ውኃ እየተፉ፣ «ለቅሶ ቤት የገባሽ መሰለሽ? ጩኺ እንጂ!»

በትልቅ ሰው ላይ ጮኼ አላውቅም። ቀጣዩ ሲነሳ ግን የማላውቀው ድምፅ ከደረቴ ወጣ። «መጣ! ቅዘፍ! ቅዘፍ!»

ቀዘፉ። አንዴም ዞረው አላዩም፤ ዓይናቸው ፊቴ ላይ ነበር። ወጣን፣ ወረድን። የጀልባዋ ሆድ አሸዋ ሲነካ ሊዘሉ ተነሱ።

«ተቀመጥ! ገና ነው!»

ተቀመጡ። የሚቀጥለው ማዕበል አንስቶ ደረቁ ላይ ካስቀመጠን በኋላ ነው የወረድነው።

«ተቀመጥ አልሽኝ እኮ!» ብለው አሸዋው ላይ ተዘርረው ሳቁ።

አደጋውን ያየ ሰው ድምፁን መቆጠብ እንደሌለበት ያን ቀን ተማርኩ። ዓይን አፋርነቴ ግን አልለቀቀኝም፤ መገናኛ ስደርስ «ወራጅ አለ» ለማለት እንኳ እቸገራለሁ።

የጋሽ ዘውዴ ዓይን አሁን ደክሟል። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ክንዳቸውን ይዤ የቦሌን መንገድ አሻግራቸዋለሁ። መኪኖቹ ወደሚመጡበት አይዞሩም። ፊቴን እያዩ፣ «መጣ?» ይሉኛል።