ከሰርጉ መዝሙር የተቆረጠው ስንኝ

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ካለ ድምፅ መቅረጫ ቤት ሥራ የገባሁ ቀን ባለቤቱ ጋሽ ታደሰ ረጅም የማይክ ገመድ ወረወረልኝና "ጠቅልዪው" አለኝ። እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ክርኔ ላይ ጠመጠምኩት። "ኧረ ወዲያ! ውስጡን ሰበርሽው እኮ!" ብሎ ነጠቀኝ። "ገመድ በክርን አይጠመጠምም። እንደ አመጣጡ በእጅሽ ሰብስቢው።" ደሜ ፈላ። ልክ ስለነበረ ግን ዋጥኩት። የሺ ነኝ፤ ቁጣዬ ቅርብ ነው፤ የሚያውቀኝ ያውቀዋል።

መቅረጫው አንድ ክፍል ነው። ግድግዳው ብርድ ልብስና ስፖንጅ ለብሷል፤ ጣሪያው ግን ቆርቆሮ ነው። ዝናብ ሲጥል ሥራ አቁመን እስኪያባራ እንጠብቃለን። ከገመድ ሰብሳቢነት ቀስ በቀስ ወደ ቀራጭነት አደግሁ። ከበሮው ጥግ ይሁን፤ ካልሆነ የሰውን ድምፅ ይውጣል። ማይኩ ከአፍ ስንዝር ይራቅ። ቅዳሜና እሁድ ሚክሰሩንና ድምፅ ማጉያውን ጭነን ሰርግ እንሄዳለን። "ሴት ልጅ ስፒከር ትሸከማለች እንዴ?" ያለኝን ሁሉ "ና አግዘኛ!" እለው ነበር። የሚያግዝ ግን አልነበረም።

አንድ ቀን ከኮምቦልቻ የፋብሪካ ሠራተኞች መዝሙር ሊያስቀርጹ መጡ። መሪያቸው እትዬ ዓለምነሽ የፈትል ክፍል ሠራተኛ ናት። አጠገቧ ሻርፕ የለበሰች ዘይነባ የምትባል ጓደኛዋ ተቀምጣለች። "እሷም ትዘምራለች?" ብዬ ጠየቅሁ።

"አትዘምርም። ዜማው ግን የእሷ ነው" አለችኝ እትዬ ዓለምነሽ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አብራቸው የምትሠራ አንዲት ልጅ ልታገባ ሆነ። እናትም አባትም የላትም፤ ከገጠር ብቻዋን የመጣች ናት። ማን ይሸኛት? እትዬ ዓለምነሽ በማሽኑ ጩኸት ውስጥ ግጥም ገጠመችላት፤ ዜማው ግን እምቢ አላት። ዘይነባ ክር ስትቀጥል በአፍንጫዋ የምታንጎራጉራት ነገር ነበረች፤ አክስቶቿ ሙሽራ ሲሸኙ የሚሏት። "እስቲ ድገሚያት" አለቻት። ግጥሙ ገጠመ። የደብራቸው መሪጌታ ሰምተው አንድ ሁለት ቦታ አቃኑና "ለሰርግ ቤት ይሁን" ብለው መረቁት። ሙሽራዋም በዚሁ ተሸኘች።

የመዝሙሩ ልብ ይቺ ስንኝ ናት፦

አባት ባይኖራትም መርቆ የሚሸኛት፣
የቃናው እንግዳ አንተ አባት ሁናት።

እኔ ሄድፎኑን አድርጌ እየሰማሁ አለቀስኩ። ዘይነባ ደግሞ በሩ ላይ ቆማ ታዳምጣለች። "ወላሂ መጨረሻዋን አሳጠራችኋት፣ ሳብ አድርጓት!" ትላቸዋለች። እንደገና ቀረጽን።

ቅጂውን ሳጸዳ አንድ ዘማሪ ሥራ ኖሮት መጣ። ስሙን አልጠራም፤ በእኔ አፍ አይነግሥም። ሰማና "ይሄን እኔ ልዘምረው" አለ። ጋሽ ታደሰ እትዬ ዓለምነሽ ጋ ደወለ። እሷም ስልኩ ላይ ጮክ ብላ፣ "የእግዜር ነው፤ ይዘመር። የእኔንና የዘይነባን ስም ጥራ፣ ስንኝ አታጉድልብኝ፤ ሌላ ምንም አልልህም" አለችው። "እሺ እናቴ፣ እንዴታ!" አላት ዘማሪው። ጆሮዬ ሰምቷል።

ሊቀረጽ የመጣ ቀን ያቺን ስንኝ ዘለላት። "ረሳህ" አልኩት።

"አልረሳሁም። ሰርግ ላይ ስለ ሙት ይወራል? ሰው እልል ማለት ነው የሚፈልገው።"

"ስማቸውስ?"

"የሕዝብ ዜማ ነው፤ ባለቤት የለውም።"

"ባለቤቷ ኮምቦልቻ ፈትል ክፍል አለችልህ!"

ሳቀብኝ። "እና ዘይነባ የሚል ስም መዝሙር ላይ ልለጥፍ? ምን ነካሽ?"

ወደ ጋሽ ታደሰ ዞርኩ። "የሺ፣ ሥራሽን ሥሪ፤ ደንበኛ ክቡር ነው" አለኝ። መዝሙሩ ሲወጣ "ግጥምና ዜማ" ከሚለው ሥር የተጻፈው የዘማሪው ስም ብቻ ነበር። አንጀቴ አረረ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባል የለ? ናቋቸው፤ ሌላ ምን ይባላል? እትዬ ዓለምነሽ ደውላ "ተይው የሺ፣ እግዜር ያውቃል" አለችኝ። እግዜርማ ያውቃል! የማያውቀው ሰው ነው እንጂ።

ከዚያ በኋላ የእትዬ ዓለምነሽ ባል ታሞ ሞተ። ልጃቸው ሜሮን ስታገባ ድምፅ ማጉያ የያዝነው እኛ ነበርን። የወንዱ ወገን ደግሞ ያንን ዘማሪ ለሙሽሮቹ አስበው አመጡት። ግጥሙ የማን እንደሆነ አያውቁም፤ ማን ነግሯቸው?

ሙሽራዋ ከእናቷ ቤት የምትወጣበት ሰዓት ደረሰ። ዘማሪው ማይክ ጨበጠ፣ ሙዚቃውን ለቀቅሁለት። እትዬ ዓለምነሽ በሩ ላይ የልጇን እጅ ይዛ አብራ ትዘምራለች። ያቺ ስንኝ ቦታ ሲደርስ እሱ ዘሎ ወደ እልልታው ሄደ። እሷ ግን "አባት ባይኖራትም" ብላ ቀጠለች። ለማን ትተወው? አባት የሌላት አሁን የገዛ ልጇ ናት።

አንድ የመዘምራን ነጠላ ያጣፋ ወጣት ጠጋ አለና "እማማ፣ ግጥሙን እያበላሹት ነው፤ እንደሱ አይደለም" አላት። ደንግጣ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ሜሮን እናቷን ዞር ብላ አየቻት።

በቃኝ! ሙዚቃውንም የዘማሪውንም ማይክ ዘጋሁ። "እትዬ ዓለምነሽ፣ ከዚያች ስንኝ ጀምሪ!" ብዬ ከሚክሰሩ ጀርባ ጮህኩ።

እሷ አልቻለችም። ያን ጊዜ ለሙስሊም እንግዶች ለብቻ ከተጣለው ዳስ ዘይነባ ተነሳች። ቃል አላወጣችም፤ ዜማዋን ብቻ በአፍንጫዋ እያንጎራጎረች፣ መጨረሻዋን ሳብ እያደረገች መጣችና ጓደኛዋ ጎን ቆመች። እትዬ ዓለምነሽ ትንፋሽ ሰበሰበችና ስንኟን ልጇ ጆሮ ሥር አለቻት። ሜሮን እናቷን አቅፋ "ድገሚልኝ እማዬ" አለች። ደገመችላት። ከበሮ መቺው ቀስ ብሎ ተከተላቸው።

ዘማሪው ወደ እኔ መጣ። "መሣሪያው ምን ሆነ?"

"መሣሪያው ደህና ነው። እኔ ነኝ የዘጋሁት።"

ጋሽ ታደሰ በማግስቱ "ደንበኛ አሳጣሽኝ" ብሎ የክፍሉን ቁልፍ ተቀበለኝ። አልለመንኩትም። አሁን ሰኞ ገበያ አጠገብ በራሴ ጠባብ ክፍል እሠራለሁ። መዝሙሩ ዛሬም በዘማሪው ስም፣ ያለዚያች ስንኝ በየሰርጉ ይለቀቃል፤ በሰማሁት ቁጥር እበግናለሁ። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ልጆች ሰርግ ላይ ግን ሙሉውን ነው የሚሉት።

ወደዚህ ሙያ ለምትገቡ የምለው ይኸው ነው። ማይክ ከመክፈታችሁ በፊት ግጥሙን ማን እንደጻፈው፣ ዜማውንም ማን እንዳወጣው ጠይቁ። "ባለቤት የለውም" የሚላችሁ ካለ አትቅረጹለት።