ሐኪሙ ደጋግሞ የጠየቀን ቀን

ይህ የደረሰብኝ በደርግ መጨረሻ ዓመታት፣ ሞጣ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ሳለሁ ነው። ብዙ ዘመን አልፎታል። ባስታወስኩት ቁጥር ግን አሁንም ስለምበሽቅ ጽፌው ልገላገል ብያለሁ።

አባቴ ቢቸና ውስጥ ቄስ ነበሩ። እናቴ ካረፈች በኋላ ከታናሽ ወንድማቸው፣ ከአጎቴ ጋር ነበር የሚኖሩት። አጎቴም በዚያው ደብር ቄስ ናቸው። ታኅሣሥ ውስጥ አንድ ነጋዴ «አባትሽ ታመዋልና ድረሽ» የሚል መልእክት አመጣልኝ። ከትምህርት ቤቱ ፈቃድ ጠይቄ፣ በተገኘው የጭነት መኪና ሄድኩ።

ስደርስ የአባቴ ቀኝ እጅና እግር አይንቀሳቀስም፤ አንደበታቸውም ተይዟል። ሲቀድሱ ድምፃቸው ከቅጽሩ ውጭ ድረስ የሚሰማ ሰው፣ አንዲት ቃል ማውጣት አቅቷቸዋል።

«መቼ ነው?» ስል አጎቴ፣ «ባለፈው ረቡዕ፣ ከመኝታው ሲነሳ ወደቀ» አሉኝ።

አመንኳቸው። አጎቴ ናቸው፣ ቄስ ናቸው፣ ለምን አላምናቸውም?

ጤና ጣቢያው ወደ አዲስ አበባ ጻፈልን። መከራዬ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ያለ ቀበሌ የይለፍ ወረቀት ጉዞ የለም፤ ሊቀመንበሩ ደግሞ ስብሰባ ላይ ናቸው። በማግስቱ ብሄድ ማኅተም ያዡ የለም። በሦስተኛው ቀን ሁለቱም ቢገኙ «ለአንድ በሽተኛ አንድ አስታማሚ ይበቃል» አሉኝ። ጮህኩ፣ አለቀስኩ፤ በመጨረሻ ለሦስታችንም ጻፉልን። በየወረቀቱ ላይ ሕመሙ የጀመረበትን ቀን ሲጠይቁኝ «ረቡዕ» እያልኩ የሞላሁት እኔው ነኝ፣ በገዛ እጄ።

አዲስ አበባ የተቀበለን ሐኪም ወጣት ነበር። ስትሮክ የያዛቸውን ሰዎች አንጎል በአዲስ መሣሪያ ፎቶ እያስነሳ ያጠናል። ሲቲ ስካን የሚባል ነገር የሰማሁት ያኔ ነው። የአንዱን ምስል ከሌላው እያስተያየ፣ ሕመሙ ስንት ቀን እንደሆነው ወፍራም ደብተር ላይ ይመዘግባል። እኛም ተራ ጠብቀን፣ አባቴ ወደቁ ከተባለ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ፎቶውን ተነሱ።

ሐኪሙ ፊልሙን አልጋቸው ድረስ አምጥቶ በመስኮቱ ብርሃን አሳየን። የአባቴ ጭንቅላት ልክ እንደተከተፈ ሽንኩርት ተቆራርጦ ተደርድሯል። በግራው የአንጎላቸው ክፍል ጥቁር ቦታ አለ።

«የወደቁበትን ቀን እርግጠኛ ናችሁ?» አለ።

«ረቡዕ ነው» አሉ አጎቴ።

ትንሽ ቆይቶ ደገመው። ሦስተኛ ሲጠይቅ ትዕግሥቴ አለቀ። «ነገርንዎት እኮ ዶክተር! የሚጠይቁት ለአባቴ ነው ወይስ ለደብተርዎ?»

አልተቆጣም። «ለሁለቱም ነው» አለኝ። «አንጎል ውስጥ ደም ፈስሶ ከሆነ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነጭ ሆኖ ይታያል። ሳምንታት ሲያልፉ ግን ነጩ ይጠፋና ይጠቁራል። የደም ሥር ተደፍኖ ከሆነም የሚታየው ጥቁር ነው። አሥራ ሁለት ቀን ብቻ ከሆነው ተደፍኖ ነው፤ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት እጀምርላቸዋለሁ። ወር ከሆነው ግን የትኛው እንደነበረ መለየት አልችልም። ደም ፈስሶ ከነበረ ይኸው መድኃኒት ሊገድላቸው ይችላል።»

ወደ አጎቴ ዞርኩ። መሬት መሬቱን ያያሉ። አባቴ በግራ እጃቸው የአልጋውን ብረት መምታት ጀመሩ። ረቡዕ በተባለ ቁጥር እንዲህ ያደርጉ እንደነበር ያን ጊዜ ታወሰኝ። አጎቴ ግን «ሲያመው ነው» እያሉ ያልፉት ነበር።

ሐኪሙ ቀኑን በቁጥር እየጠራ ሊጠይቃቸው ሞከረ። ግራ ተጋቡ። አባቴ ዕድሜ ልካቸውን ቀን የሚያስቡት በታቦት ነው። አጠገባቸው ተቀምጬ ወደ ኋላ እየሄድኩ በዓላቱን ጠራሁላቸው።

«አባ፣ አቦ ዕለት ነው?» በእምቢታ ራሳቸውን ወዘወዙ።

«ባለወልድ? መድኃኔ ዓለም?» አሁንም እምቢ።

«ጊዮርጊስ?» እምቢ።

«ኅዳር ጽዮን?»

እጄን ጭምቅ አደረጉት። እንባቸው ወረደ።

ኅዳር ሃያ አንድ ከሆነ ወር ሊሞላው ነው ማለት ነው። አጎቴ ከዚያ በኋላ መደበቅ አልቻሉም። «ቅዳሴ ላይ ነው የወደቀው፣ መቅደስ ውስጥ» አሉ። «ምን ላድርግ ልጄ? ሳይነጻ ገብቶ ታቦት ጣለው ቢሉትስ? ጠበል ወሰድነው፤ ዛሬ ይሻለዋል፣ ነገ ይሻለዋል ስንል ቀኑ ሄደ። ስሙን ላድንለት ብዬ ነው።»

«ነፍሳቸውንስ ማን ያድን?» ብዬ ጮህኩባቸው። በቄስ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም ነበር።

ሐኪሙ ሊጀምርላቸው የነበረውን መድኃኒት ሰረዘ። ደብተሩንም ገልጦ የአባቴን መስመር ሰረዘው። «በሳምንቱ ብትመጡ ኖሮ ፎቶው ይነግረን ነበር» አለ። የደም ግፊት ክኒን ሰጥቶ፣ እጅና እግራቸውን እንዴት እንደምናፍታታ አሳይቶ ሸኘን።

ቢቸና ስንመለስ አንዲት ጎረቤታችን እያለቀሰች ተቀበለችን። «ጽዮን ዕለት ተሸክመው ሲያወጧቸው ነጠላዬን ያለበስኳቸው እኮ እኔ ነኝ» አለችኝ። ለካ ሊያስቀድስ የመጣው ሕዝብ ሁሉ አይቷል። በአባቴ ላይ ክፉ ያሰበም አልነበረም፤ ሰው እየመጣ መስቀል ይይዙበት የነበረውን ያንን የሰለለ እጃቸውን ይስም ነበር።

በሰባተኛው ወር ሕመሙ ዳግመኛ መጣባቸውና አረፉ። ያ የተሰረዘው መድኃኒት ያተርፋቸው ነበር ወይስ ቀድሞ ይገድላቸው ነበር? አላውቅም፤ ሐኪሙም አያውቅም።

አጎቴን ይቅር ብያቸዋለሁ፤ ወንድማቸውን ይወዱ ነበር። ንዴቱ ግን አልወጣልኝም፤ ግማሹም በራሴ ላይ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ቀበሌ ስመላለስ አንድ ጎረቤት እንኳ ቆሜ አልጠየቅሁም። ሐኪሙ የፈለገው አንዲት ቀን ነበር። ያቺን ቀን ደግሞ ከእኔና ከእሱ በቀር ቢቸና በሙሉ ያውቃት ነበር።