የቆመ ውሃ

ሰፈሩ ሁሉ ባለፓምፑ ይለዋል። ማዕድን ማውጫው በሚሠራበት ዘመን ከጉድጓዱ ሥር የሚመነጨውን ውሃ እየሳበ ወደ ወንዙ የሚጥለው እሱ ነበር። ከእሱ በፊት የነበረው ፓምፕ ጠባቂ ተዘናግቶ ሁለት ቆፋሪዎች ሰጥመዋል፤ አስከሬናቸውን ካወጡት ወጣቶች አንዱ እሱ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሕይወቱ አንድ ሕግ ብቻ ነበረው፦ ውሃ ካየህ አስወጣ። በእሱ ፈረቃ አንድም ሰው ሰጥሞ አያውቅም፤ ይህን የሚጠላውም ሰው ቢሆን አይክድበትም።

ኩባንያው ጓዙን ጠቅልሎ ሲሄድ ፓምፖቹም ተነቅለው መኪና ላይ ተጫኑ። ባለፓምፑ አጥሩ ጥግ ቆሞ ሲጫኑ አየና ወደ ቤቱ ገባ። ከዚያ ወዲህ ግን ቤት አልይዘው አለ። ሚስቱ ሳሎን ውስጥ የስፌት መኪናዋን ስታንቀሳቅስ እሱ ከበር እስከ መስኮት ይመላለሳል። የጠበቀ ቧንቧ ያጠብቃል። ያላፈሰሰ ጣሪያ ላይ ይወጣል። አንድ ቀን ደግሞ የጎረቤትን የውሃ ቆጣሪ ሳይጠየቅ ፈቶ ሲገጥም ተይዞ ሊጣሉ ምንም አልቀራቸውም ነበር።

«አንተ ሰውዬ፣ እባክህ አረፍ በልልኝ» አለችው ሚስቱ። «እያየሁህ መርፌው ጣቴን ወጋኝ።»

«እኔ ምን አደረግኩ?»

«ምንም። እሱ ነው የቸገረኝ።»

ብሶቷን የሰማችው ታናሽ እህቷ ናት። ኩባንያው የተወው የድንጋይና የአፈር ቁልል ከሰፈሩ በላይ እንደ ራሰ በራ ተራራ ተገትሮ፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር እየተሸረሸረ ግራጫ ጭቃውን ቁልቁል ይልካል። ያንን ቁልል አስተካክሎ ሣር ለማልበስ ሥራ ሲጀመር እሷ የአንድ ቡድን ኃላፊ ሆና ነበርና የእህቷን ባል ይዛው ወጣች።

ተዳፋቱ እንደ ደረጃ ተቆርጦ እርከን ሆነ። በየእርከኑ ጠርዝ ድንጋይ ተካበ፤ ከካቡ ጀርባ ጥቁር አፈር ተደለደለ፣ ገለባ ተነሰነሰበት፣ ሴቶቹ በገለባው መሀል ሥሩ ጠልቆ የሚሄድ ሣር ተከሉ። የሚወርደው ዝናብ እንዳይሮጥ በየእርከኑ እየያዙ ቀስ ብሎ እንዲሰርግ ማድረግ ነው ነገሩ። ባለፓምፑ ድንጋይ ሲክብ የሚደርስበት አልነበረም። አፉ ግን አላረፈም።

«የዚህ ውሃ መውጫው የት ነው?»

«መውጫ የለውም፣ ጋሼ። ትንሽ ይቆማል፣ ከዚያ መሬቱ ይጠጣዋል።»

«እኔ ውሃ ሰው ሲጠጣ እንጂ መሬት ውሃ ሲጠጣ አላየሁም።»

«እንግዲህ ታያለህ» አለችው፤ ሥራ በዝቶባት ስለነበር ነገሩን እንደ ቀልድ አለፈችው።

እርከኑ ካለቀ በኋላ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ የጣለው በክረምቱ መውጫ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ሠራተኛው ሁሉ መጠለያ ገባ፤ ሲያባራም ወደየቤቱ ወረደ። ባለፓምፑ ቀረ። ላይኛው እርከን ላይ ወጥቶ ሲያይ ውሃው ከዳር እስከ ዳር ቆሟል። ቁልቁል አየ፤ የሰፈሩ ጣሪያዎች፣ ከእነሱም መሀል የእሱ ቤት። ሚስቱ አሁን የስፌት መኪናዋ ላይ ጎንበስ ብላ ይሆናል። እግሩ መቆም አልቻለም፤ ወዲህ ሄደ፣ ወዲያ ተመለሰ። ከዚያ አካፋውን አንስቶ የካቡን አንድ ጎን ከፈተው።

ለማስተንፈስ ያህል ብቻ ነበር ሐሳቡ። ውሃው እንደ ክር ቀጥኖ መውረድ ሲጀምር እፎይ አለ፤ ፓምፖቹ ከተነቀሉ ወዲህ እንደዚያ ደረቱ ቀሎት አያውቅም። ብዙም ሳይቆይ ግን ክፍቱ ሰፋ። ከሥሩ ያለው ካብ ተናደ፣ የሚቀጥለውም ተከተለው። ሊደፍነው ሲታገል ውሃው አካፋውን ከእጁ ነጥቆ ወሰደው። ጎርፉ ተዳፋቱን ከላይ እስከ ታች ሰንጥቆ ቦረቦር አወጣበት፤ የተተከለውን ሣር ከነገለባው ጠራርጎ ቁልሉ ግርጌ በሚኖር አንድ አናጢ ግቢ ውስጥ ዘረገፈው።

አናጢው በጭቃ የተቀበረ ሳንቃውን እያየ ቆሞ ሳለ ባለፓምፑ እስከ ጭኑ በጭቃ ተለውሶ ደረሰ።

«እኔ ነኝ» አለው።

«ዝናቡ ነው እንጂ አንተ ምን ታደርግ።»

«ካቡን የከፈትኩት እኔ ነኝ።»

አናጢው ባዶ እጁን አየ። «አካፋ አለህ?»

«ጎርፍ ወሰደው።»

«በል የኔን ያዝ» አለና ራሱ ሳንቃ መጎተት ጀመረ።

በማግስቱ ጠዋት የሚስቱ እህት ቦረቦሩ አፋፍ ላይ ጠበቀችው። ድምፅዋን አላነሳችም።

«ጋሼ፣ ሴቶቹ ጉልበታቸው እስኪላጥ የተከሉት ነው።»

«አውቃለሁ።»

«አታውቅም። ብታውቅ ትጠይቀኝ ነበር።»

ከእርከኑ ሥራ አንስታ ቦረቦሩ ውስጥ አስገባችው፤ በጋውን ሙሉ ከታች ወደ ላይ እየወጣ ድንጋይ ለድንጋይ እያያያዘ ክትር ሠራ። ሴቶቹ ለረጅም ጊዜ ሰላምታ እንኳ ነፍገውት ነበር፤ አንዷማ ውሃ ሲጠይቃት «አንተ ነህ ደግሞ ውሃ የምትጠይቅ?» ብላ ሌሎቹን አሳቀችበት። እሱም ሳቀ፤ ከዚያ በኋላ ኩርፊያቸው ትንሽ ላላ። አልፎ አልፎ ካፊያ ሲጥል ከክትሩ ጀርባ ጥቂት ውሃ ይጠራቀማል። በነጋታው ሲመጣ ውሃው የለም፤ የሸሸበት ቦይም የለም። በዱላ ወጋ አድርጎ ሲያይ አፈሩ ከውስጥ ርሷል። ለማንም ሳይናገር ይህንኑ በየክትሩ እየዞረ አየ።

ክረምቱ ሲገባ ግን ማየቱ ልቡን አላሳረፈለትም። ደመና በጠቆረ ቁጥር የሚስቱን እህት ፍለጋ ይሄዳል። መጠለያው ውስጥ ቆርቆሮው ሲንጫጫ አጠገቧ ቆሞ እጁን ያሻሻል።

«ልክፈት?»

«አትክፈት።»

«ያ ሦስተኛው ሞልቷል እኮ።»

«አየሁት። እዚሁ ቁም፣ ጋሼ።»

ቆመ። ዓይኑ ግን ጥግ የተደገፈው አካፋ ላይ ነበር። እሷም አየችውና ዝናቡ እስኪያባራ ክንዱን ይዛ አብራው ቆመች። ሦስተኛው እርከን ያዘ፤ ከሱ በታች ያሉትም ያዙ። በምሥራቅ በኩል ግን ማንም ያልነካው ካብ በራሱ ተንሸራተተ፤ የሥራው መሐንዲስ መጥቶ መሠረቱ ከመጀመሪያውም ደካማ እንደነበር ተናገረ።

ዛሬ የቁልሉ ታችኛው ግማሽ አረንጓዴ ነው። ላይኛው ገና እንደገረጣ አለ። አናጢው በጎርፉ የጠመመውን ሳንቃ ለመጠለያው ግድግዳ ሰጥቷቸዋል። ምሥራቁን የሚጠግነው ድንጋይ በሚመጣው ሳምንት ይደርሳል ቢባልም ባለፓምፑ መጠበቅ አልሆነለትም፤ በእረፍት ቀኑም ወጥቶ የተበታተነውን ሲለቅም ይውላል። ሚስቱ ምሳውን በልጃቸው እጅ ትልክለታለች፤ የሚበላው ግን ቆሞ ነው።